ከጨረር ሕክምና በኋላ ያለ ሰው ሠራሽ የደም ሥር፦ የአንዲት የወሎ ታካሚ ጉዳይ

ይህ የጉዳይ ጥናት፣ በግራ ጭናቸው ላይ በወጣ ካንሰር ምክንያት ዋናው የእግር ደም ቅዳቸው ተቆርጦ በሰው ሠራሽ ቱቦ የተተካላቸውን፣ ከዚያም በዚያው ቦታ ላይ ሙሉ የጨረር ሕክምና የወሰዱትን የአንዲት ታካሚ የሁለት ዓመት ሂደት ይዘግባል። ታካሚዋ በደቡብ ወሎ፣ በሐይቅ አካባቢ የሚኖሩ የ48 ዓመት እህል ነጋዴ ናቸው። ቀዶ ሕክምናውም ጨረሩም የተሰጡት አዲስ አበባ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ያለው ክትትል ደሴ ላይ ተካሂዷል። ጽሑፉ በፈቃዳቸው የተዘጋጀ ነው፤ ማንነታቸውን የሚጠቁሙ ዝርዝሮችም ተትተዋል።

ጉዳዩ ሊጻፍ የሚገባው፣ ጨረር በሰው ሠራሽ የደም ሥር ላይ ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ሲነሳ የታካሚውም የቤተሰቡም፣ አንዳንዴም የሐኪሙ ሐሳብ በቱቦው ላይ ብቻ ስለሚያርፍ ነው። በእኛ ታካሚ ላይ የደረሱት ሁለት ችግሮች ግን አንዳቸውም ከቱቦው አልመነጩም። አንዱ የመጣው ቱቦውን ከሸፈነው ቆዳ ሲሆን፣ ሌላው ቱቦው ከራሳቸው ደም ቅዳ ጋር ከተሰፋበት ጫፍ ነው።

እብጠቱ መጀመሪያ የታየው ከብሽሽታቸው ዝቅ ብሎ፣ በጭናቸው የውስጥ ጎን ነበር። ሕመም ስላልነበረው፣ ቦታውም ለሰው ለማሳየት የሚያሳፍር ሆኖ ስለተሰማቸው፣ ከአንድ ዓመት በላይ በልብሳቸው ሸፍነውት ገበያ ሲውሉ ቆዩ። ወደ ጤና ተቋም የመጡት ከጉልበታቸው በታች ያለው እግር ማበጥ ሲጀምር ነው። በኤም አር አይ ምርመራ 9 በ7 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዕጢ ታየ፤ ዕጢው በጭን ውስጥ የሚወርደውን ዋና ደም ቅዳና አብሮት የሚሄደውን ደም መልስ ዙሪያቸውን ይዟቸው ነበር። የናሙና ምርመራው ሊዮማዮሳርኮማ መሆኑን፣ ይኸውም ከለስላሳ ጡንቻ፣ አንዳንዴም ከደም መልስ ግድግዳ የሚነሳ ኃይለኛ ካንሰር መሆኑን አረጋገጠ። በደረት ሲቲ ስካን ወደ ሳንባ የተሠራጨ ነገር አልተገኘም።

በቀድሞው ጊዜ እንዲህ ያለ ዕጢ እግር ያስቆርጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ሐኪሞች 43 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ አንዱን ቡድን በመቁረጥ፣ ሌላውን ዕጢውን ብቻ በማውጣትና ጨረር በመጨመር አክመው ያወጡት ውጤት በሁለቱ መካከል በሕይወት በመቆየት ረገድ ልዩነት አለመኖሩን ካሳየ ወዲህ ግን እግርን አትርፎ ማከም ተመራጭ ሆኗል። በዚህ መንገድ እግሩ የሚተርፈው ከጨረሩ ጋር ነው፤ ጨረሩ ከቀረ ዕጢው በዚያው ቦታ የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ በታካሚዋ ላይ ጨረሩን መተው ለውይይት የሚቀርብ አማራጭ አልነበረም፤ በተለይም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የመጣው የላቦራቶሪ ውጤት ከዕጢው በስተኋላ የተወሰደው ጤናማ ሥጋ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑን ስላሳየ።

ቀዶ ሐኪሞቹ ዕጢውን በውስጡ ከሚያልፉት ደም ቅዳና ደም መልስ ጋር በአንድነት አወጡት። በእንዲህ ያለ ጊዜ ተመራጩ መተኪያ ከታካሚው ከሌላኛው እግር የሚወሰድ የራሱ ደም መልስ ነው። በታመመው እግር ላይ ያለው ላይ ላዩን የሚሄድ ደም መልስ አይነካም፤ ጥልቁ ከተወሰደ በኋላ ደሙ ወደ ላይ የሚመለሰው በእሱ ነውና። በቀኝ እግራቸው የነበረው ደም መልስ ግን በጣም ቀጭን ሆኖ ስለተገኘ፣ ደም ቅዳው 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው፣ ዙሪያው በቀለበት በተጠናከረ የቴፍሎን ቱቦ ተተካ። የላይኛው ስፌት ጥልቁ የጭን ደም ቅዳ ከሚለይበት ቦታ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ የታችኛው ከጉልበት በላይ ሆነ። ደም መልሱ ሳይተካ ታሰረ። ቁስሉ ከመዘጋቱ በፊት ሳርቶሪየስ የተባለውን ረጅም የጭን ጡንቻ ከቦታው አላቅቀው፣ የራሱን የደም አቅርቦት እንደያዘ በቱቦው ላይ አጋደሙት። ይህ የመጨረሻው እርምጃ በቀዶ ሕክምናው ማስታወሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ የያዘ ቢሆንም፣ በእኔ ግምት ከወራት በኋላ እግራቸውን ያዳነው እሱ ነው።

ጨረሩ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መሆን ነበረበት ወይስ በኋላ የሚለው ክርክር እዚህ ላይ መነሳት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የካናዳ ጥናት፣ ጨረር አስቀድመው ከወሰዱት ታካሚዎች 35 በመቶ የሚሆኑት፣ በኋላ ከወሰዱት ደግሞ 17 በመቶ የሚሆኑት ከባድ የቁስል ችግር እንደገጠማቸው አሳይቷል። በሌላ በኩል በኋላ የሚሰጠው ጨረር መጠኑም ስፋቱም ስለሚበልጥ፣ የዚያው ጥናት ተከታታይ ዘገባ ከሁለት ዓመት በኋላ የሥጋ መጠንከር በ48 በመቶ ታካሚዎች ላይ፣ አስቀድመው በወሰዱት ላይ ግን በ31.5 በመቶ ብቻ እንደታየ ይገልጻል። ሥጋና ቆዳ ብቻ በሆነበት ቦታ ሁለቱ ጉዳቶች ሲመዛዘኑ ብዙ ሐኪሞች ጨረሩን ያስቀድማሉ። በቁስሉ ሥር ሰው ሠራሽ ቱቦ ካለ ግን ሚዛኑ ይለወጣል። የተከፈተ ቁስል በራሱ ሥጋ ላይ ሲሆን ጊዜ ወስዶ ይድናል፤ በቱቦ ላይ ሲሆን ጀርም ቱቦውን ይይዘዋል፣ የተበከለ ቱቦም መድኃኒት ብቻውን ስለማያጠራው በአብዛኛው መውጣት አለበት። በዚህ ምክንያት ቀዶ ሐኪሞቹ ጨረር ባልነካው ሥጋ ላይ ሰፍተው፣ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪጠግግ ጠብቀው ጨረሩን ማስከተላቸው ተገቢ ውሳኔ ነበር።

ጨረሩ የተጀመረው ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ ከ7 ሳምንት በኋላ ነው። ሊኒየር አክስለሬተር በሚባለው የጨረር መሣሪያ፣ በቀን 2 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው)፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በድምሩ 60 ግሬይ ተሰጠ፤ የመጀመሪያው 50 ግሬይ ሰፋ ያለውን የቀዶ ሕክምና ቦታ፣ የቀረው 10 ግሬይ ደግሞ ዕጢው የነበረበትን ጠባብ ክልል ሸፈነ። በጭኑ የውጭ ጎን አንድ ቁመታም ክፍል ከጨረሩ ነጻ ሆኖ እንዲቀር ተደርጓል፤ የእግሩ ዙሪያ በሙሉ ከተመታ በቆዳ ሥር የሚያልፈው ፈሳሽ መመለሻ አጥቶ እግሩ ያብጣልና። የላይኛው ስፌት ሙሉውን 60 ግሬይ ሲያገኝ፣ የታችኛው በክልሉ ጠርዝ ላይ ስለዋለ የዚያን ግማሽ ገደማ ብቻ አግኝቷል። ይህ ልዩነት በኋላ ለመጣው ጥያቄ ቁልፍ ስለሚሆን አንባቢ እንዲይዘው እፈልጋለሁ።

ስድስቱን የጨረር ሳምንታት አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አርፈው ጨረሱ። ከዚያ በፊት ግን ታላቅ ወንድማቸው ደሴ ላይ ያነሱት ጥያቄ ሙሉ መልስ ይገባዋል። «ዶክተር፣ አንቱ የሚያውቁትን ይንገሩን» አሉ። «የተተከለላት ፕላስቲክ ነው ይላሉ። ጨረሩ ሲያርፍበት አይቀልጥም ወይ? ቢቀልጥስ ደሙ ወዴት ይሄዳል?»

ጥያቄው መሠረት የሌለው አይደለም። ሰው ሠራሽ የደም ሥሮች በዋናነት ከሁለት ነገሮች ይሠራሉ። አንደኛው ዳክሮን የሚባለው ፖሊስተር ሲሆን፣ ማይክል ደቤኪ በ1950ዎቹ ሂውስተን ውስጥ በቤት የልብስ ስፌት መኪና ቱቦ አድርገው ከሰፉት ወዲህ በተለይ ለትላልቅ ደም ቅዳዎች ያገለግላል፤ ጨረርን በደንብ ይቋቋማል። ሁለተኛው ሮበርት ጎር እ.ኤ.አ. በ1969 በፍጥነት ተለጥጦ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ሆኖ እንደሚሠራ ያገኙት ቴፍሎን ነው። ቴፍሎን በእርግጥ ከፕላስቲኮች መካከል ለጨረር ደካማ ከሚባሉት አንዱ ነው። ብዙ የሕክምና ዕቃዎች ከጀርም የሚጸዱት 25,000 ግሬይ በሚደርስ ጨረር ሲሆን፣ የቴፍሎን ቱቦዎች ግን በዚህ መጠን ስለሚሰባበሩ በጋዝ ወይም በእንፋሎት ይጸዳሉ። ይሁንና የቴፍሎን ጥንካሬ መቀነስ የሚጀምረው በመቶዎች ከሚቆጠር ግሬይ በላይ ሲሆን፣ ለታካሚዋ የተሰጠው በድምሩ 60 ነው። ስለዚህ ቱቦው አይቀልጥም፣ አይሳሳም፣ አይቀደድም። ለወንድማቸው ይህንኑ ነገርናቸው፤ ጨረሩ ሊጎዳ የሚችለው ሕይወት ያለውን ሥጋቸውን ስለሆነ፣ ዓይናቸውን በቆዳቸውና በእግራቸው ሙቀት ላይ እንዲያደርጉም አደራ አልናቸው።

ሕይወት ያለው ሥጋ ከቱቦው ጋር የሚገናኘው በስፌቶቹ ላይ ነው። የቤት ቧንቧ በመሀሉ ሳይሆን በመጋጠሚያው እንደሚበላሽ ሁሉ፣ ሰው ሠራሽ የደም ሥርም በአብዛኛው የሚጠበው በሁለቱ ጫፎች ነው። በሰው አካል ውስጥ የተተከለ ቴፍሎን ውስጡ በሙሉ በሕዋስ አይለበስም፤ ከታካሚው ደም ቅዳ ተነሥቶ በስፌቱ ላይ የሚሻገረው ሽፋን ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ገብቶ ይቆማል። ይህ ሽፋን በልክ ሲሆን ስፌቱን ያለሰልሳል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን የጡንቻ ሕዋሳት ተራብተው መተላለፊያውን ያጠባሉ። ጨረር ወደዚህ ሂደት በሁለት መንገድ ይገባል። በመጀመሪያ የደም ቅዳውን የውስጥ ሽፋን ሕዋሳት ይገድላል፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ይህ ሽፋን ሲጎዳ ደምን የሚያረጉት አርጊ ሕዋሳት ይጣበቁበታል፣ የብግነት ምልክቶችም ይነሣሉ። ቀጥሎም የደም ቅዳውን ግድግዳ የሚመግቡትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ቀስ በቀስ ይዘጋል፤ ግድግዳው ምግብ ሲያጣ ጠባሳ ይሆናል። የመጀመሪያው በወራት፣ ሁለተኛው በዓመታት ይገለጣል። የራስ ደም መልስ ተተክሎ ቢሆን ኖሮ መላ ርዝመቱ ሕይወት ያለው በመሆኑ በየትኛውም ቦታው ሊወፍር ይችል ነበር፤ ቴፍሎኑ ግን በዚህ በኩል መሀሉ ደኅና ነው።

ከጨረሩ በኋላ በአራተኛው ወር በቁርጭምጭሚትና በክንድ የሚለካው የደም ግፊት ንጽጽር 0.96 ነበር፤ ከ0.9 በላይ ጤናማ ይባላል። ደም እንዳይረጋ አስፒሪን፣ ለኮሌስትሮል ደግሞ አቶርቫስታቲን በየቀኑ ይወስዱ ነበር፤ በረመዳንም አስፒሪኑን ከፍጡር በኋላ እንዲወስዱ ተስማምተን ነበር። ለእብጠቱ እግርን ጨምቆ የሚይዝ ጠባቂ ካልሲ ያደርጉ ነበር።

በሰባተኛው ወር በጭናቸው ጠባሳ ላይ ቆዳው ተከፈተ። የተከፈተው ቦታ ሳንቲ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ያየችው የቀበሌያቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ለሌላ ጉዳይ ቤታቸው ገብታ ሲያነክሱ አይታ ጠየቀቻቸው፣ በዚያው ቀንም ወደ ደሴ ላከቻቸው። ሲጠየቁ፣ ከእህታቸው ልጅ ሠርግ በፊት ወይባ ጢስ መግባታቸውን ነገሩን። በወሎ ለሴቶች ወይባ የገላ ንጽሕናም የጤናም ልማድ ነው፤ ጉድጓድ ላይ ተቀምጦ፣ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣ የእንጨቱ ሙቀትና ጢስ ጭንን ጨምሮ መላ ገላን እንዲያገኝ ይደረጋል። ጨረር ያልነካው ቆዳ ሙቀት ሲያገኝ የደም ሥሮቹ ሰፍተው ሙቀቱን ያበርዳሉ። ጨረር ያለፈበት ቆዳ ግን እነዚያን ጥቃቅን የደም ሥሮች አጥቷል፤ ሙቀቱን መውሰድ ስለማይችል ይቃጠላል፣ ከተከፈተም በኋላ በቀላሉ አይገጥምም። በጨረር ክፍሉ የተሰጣቸው ምክር ፀሐይንና ቅባትን የሚመለከት ነበር፤ ወይባን የሚያነሣ አልነበረም። በዚህ አካባቢ ጭኗ ወይም ዳሌዋ ላይ ጨረር ለምትወስድ ሴት ሁሉ ወይባ በስሙ ተጠርቶ ሊከለከል ይገባል ብዬ አምናለሁ። «ሙቀት ያስወግዱ» የሚለው አነጋገር አይበቃም፤ ወይባን እንደ ሙቀት የሚቆጥረው የለምና።

የፈራነው ቱቦው እንዳይገለጥ ነበር። በአልትራሳውንድ በቱቦው ዙሪያ ፈሳሽ አልታየም፤ በቁስሉና በቱቦው መካከል የሳርቶሪየስ ጡንቻ ሙሉ ውፍረቱን ይዞ ተኝቷል። ከቁስሉ የተወሰደው ናሙና ስታፊሎኮከስ የተባለ ጀርም አሳየ፤ ክሎክሳሲሊን የተባለ ፀረ ጀርም መድኃኒት ተሰጠ፣ ቁስሉም በጨው ውሃ እየታጠበ በእርጥብ ፋሻ ተያዘ። የሞተውን ጠርዝ በስለት መቁረጥን ሆን ብለን ተውነው። ጨረር ባለፈበት ሥጋ ላይ የተቆረጠ ጠርዝ ሌላ የማይገጥም ጠርዝ ሊፈጥር ይችላል፤ ቁስሉም ወደ ታች እየሄደ አልነበረም። ከሁለት ወር በላይ ቢወስድም ተዘጋ።

ሁለተኛው ችግር የመጣው በአሥራ አንደኛው ወር ነው። «ዳገቱን ስጀምር ባቴን ጨምድዶ ይይዘኛል፤ ቆም ስል ይለቀኛል» አሉ። ይህ አነጋገር ብቻውን ወደ እግር የሚሄደው ደም ማነሱን የሚናገር ምርመራ ነው። ንጽጽሩ ወደ 0.68 ወርዶ ነበር፤ ከ0.15 በላይ መቀነስ ደግሞ ቱቦ ባለበት እግር ላይ ሊታለፍ የማይገባው ምልክት ነው። የደም ፍሰትን በሚለካው በዶፕለር አልትራሳውንድ በላይኛው ስፌት ላይ የደሙ ፍጥነት በሰከንድ 340 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ በላይ ካለው ጤናማ ክፍል ከ3.5 እጥፍ በላይ በመሆኑ ጠባቡ ቦታ ከ70 በመቶ በላይ እንደተዘጋ ያመለክታል። የታችኛው ስፌት ንጹሕ ነበር። ጠባቂ ካልሲውን ወዲያው አስወለቅናቸው፤ ደም ያነሰውን እግር ከውጭ መጭመቅ አደገኛ ነውና።

ይህን ያደረገው ጨረሩ ነው ማለት ይቻላልን? በስፌት ላይ የሚመጣ መጥበብ ጨረር ባልወሰዱ ሰዎችም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ የተለመደ ነው። ነገር ግን በተለመደው ሁኔታ ይበልጥ የሚጠበው የታችኛው ስፌት ነው፤ በታካሚዋ የጠበበው ሙሉውን 60 ግሬይ ያገኘው የላይኛው ሲሆን፣ ግማሹን ያገኘው የታችኛው ደኅና ሆኖ ቆይቷል። በሌላ በኩል ጨረር የደም ቅዳ ግድግዳን ጠባሳ የሚያደርግበት ሂደት ዓመታት ስለሚፈልግ፣ በአሥራ አንድ ወር የታየውን በዚያ መተርጎም አይቻልም፤ በአልትራሳውንድም ከስፌቱ በላይ ያለው የራሳቸው ደም ቅዳ ግድግዳው ለስላሳ ነበር። የእኔ ፍርድ፣ ጨረሩ በስፌቱ ላይ የተጀመረውን ተፈጥሯዊ የመጠገን ሂደት ከልክ አሳልፎታል የሚል ነው። የአንድ ሰው ጉዳይ ይህን ሊያረጋግጥ አይችልም፤ ሁለቱ ስፌቶች በአንድ ሰው፣ በአንድ ደም፣ በአንድ መድኃኒት ሥር ሆነው በጨረር መጠን ብቻ ጎልተው መለያየታቸው ግን ቀላል ማስረጃ አይደለም።

መጥበቡ እስኪዘጋ መጠበቅ የማይቻልበት ምክንያት መንገዱ ነው። ደም በድንገት የተቋረጠበት እግር ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ ነርቡና ጡንቻው የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢትና በጣርማ በር ዳገት አልፎ ለሚሄድ ታካሚ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ስለዚህ በእኛ አካባቢ ቱቦ ያለበት እግር የሚድነው ከመዘጋቱ በፊት ሲታወቅ ነው፤ ለዚህም የደም ግፊት መለኪያና በእጅ የሚያዝ ዶፕለር ይበቃሉ። የታካሚዋ ጥልቅ የጭን ደም ቅዳ ክፍት ስለነበረ እግሩ ለጊዜው አልሞተም፤ በዚያች ፋታ ተላኩ።

አዲስ አበባ ላይ ስፌቱን በቀዶ ሕክምና ከፍቶ ማስተካከል ታሰበና ተተወ። ጨረር ያለፈበት ብሽሽት ዳግም ቢከፈት ላይገጥም ይችላል፤ ከሥሩም ቱቦው አለ። በምትኩ ከቀኝ ብሽሽት፣ ጨረር ካልነካው ቦታ ቀጭን ሽቦ ገብቶ ተሻገረና ጠባቡ ቦታ በፊኛ ተከፈተ። መተላለፊያውን ከፍቶ የሚይዝ የብረት ስቴንት አልተተወም፤ ቦታው ዳሌ ሲታጠፍ የሚታጠፍ በመሆኑ። ንጽጽሩ ወደ 0.92 ተመለሰ፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ክሎፒዶግሬል ለጥቂት ወራት ተጨመረ።

አሁን ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ ሁለት ዓመት ሆኗል። ታካሚዋ ገበያ ይውላሉ፤ እግራቸው ወደ ማታ ያብጣል፣ ዕጢው አልተመለሰም። ዶፕለሩን በየሦስት ወሩ እንቀጥላለን፤ የደም ቅዳ ግድግዳ ጠባሳ ገና ወደፊት ሊመጣ ስለሚችል ክትትሉ በሁለት ዓመት የሚያበቃ አይደለም። ከጨረር ክፍሉም እያንዳንዱ ስፌት ስንት ግሬይ እንዳገኘ የሚያሳይ አንድ ገጽ ጠይቀን በካርዳቸው ላይ አያይዘናል፤ ለሌሎች ታካሚዎችም ከመነሻው እንዲላክልን እየጠየቅን ነው። የላይኛው ስፌት ዳግም ቢጠብ ፊኛው አንድ ጊዜ ይደገማል። ያ ካልያዘ ደሙ ከጨረሩ ክልል በላይ ካለው ደም ቅዳ ተነሥቶ፣ ነጻ ሆኖ በቀረው የጭኑ የውጭ ጎን በኩል፣ ከክንዳቸው በሚወሰድ ደም መልስ ወደ ጉልበት እንዲሻገር ታስቧል፤ የክንዳቸው ደም መልሶችም ለዚሁ ተለክተው ስፋታቸው ተመዝግቧል፣ በእነሱም ላይ መርፌ እንዳይገባ ለታካሚዋና ለጤና ጣቢያው ተነግሯል።